የአይቲ ኮንትራክተር በዲኤምቪ፦ ደብልዩ-ቱ፣ ኤልኤልሲ ወይስ ኤስ ኮርፕ?

ከአሌክሳንድሪያ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ በኪውኤ (በሶፍትዌር ጥራት ፍተሻ)፣ በዳታ ወይም በክላውድ ሥራ ላይ ያለ ሐበሻ ሁሉ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ይመጣበታል። ሪክሩተሩ ደውሎ "ደብልዩ-ቱ ነው ወይስ ሲ-ቱ-ሲ?" ይላል፣ ማለትም በኤጀንሲው ደመወዝተኛ ሆነው ነው የሚሠሩት ወይስ በራስዎ ካምፓኒ ስም ውል ይዘው፤ መልሱንም እስከ ማታ ይፈልጋል። እዚህ የምንመዝነው በዲኤምቪ፣ ማለትም በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዲሲ፣ ያሉትን አማራጮችና የምዝገባ አገልግሎታቸውን ነው። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የታክስ ቁጥሮቹም የ2025 ናቸው።

ፍርዱ ይህ ነው። ቨርጂኒያ የሚኖርና ሲ-ቱ-ሲ የሚሠራ ሰው ባለ አንድ አባል የቨርጂኒያ ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ይበቃዋል። ሜሪላንድ ላይ ያው ኤልኤልሲ ውድ ነው፣ አሁን ደግሞ የሽያጭ ታክስ ተጨምሮበታል። ዲሲ ወረቀቱ ይበዛል። ኤስ ኮርፕ (ባለቤቱ ለራሱ ደመወዝ ከፍሎ የቀረውን በትርፍነት የሚወስድበት የታክስ አመዳደብ) ደግሞ የሚወራለትን ያህል አያተርፍም፤ ብዙዎች የሚንቁት የኤጀንሲ ደብልዩ-ቱም ተመኑ ከተስተካከለ ሁሉንም ሊያስንቅ ይችላል።

ደብልዩ-ቱ እና ቴን-ናይንቲ-ናይን

በኤጀንሲ ደብልዩ-ቱ ሲሠሩ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግማሹን፣ ማለትም 7.65 በመቶውን፣ አሠሪው ይከፍላል። ሥራው ሲቋረጥ የሥራ አጥነት ክፍያ መጠየቅ ይቻላል፤ የጉዳት ኢንሹራንሱም የአሠሪው ነው። በግልዎ ሲሠሩ ሁለቱም ግማሽ በእርስዎ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በሰዓት 70 ዶላር በደብልዩ-ቱ ከቀረበ፣ ታክሱን ብቻ ለማካካስ በግል ውል ወደ 75.40 ዶላር ያስፈልጋል። ኢንሹራንሱ፣ ዘግይቶ የሚመጣው ክፍያና የሒሳብ ሥራው ገና አልተቆጠሩም። በእኛ ግምት ልዩነቱ ከ15 በመቶ በታች ከሆነ ደብልዩ-ቱን መውሰድ ይሻላል።

በስምዎና በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎ ቴን-ናይንቲ-ናይን (ታክስ ሳይቆረጥ ለግል ኮንትራክተር የተከፈለው የሚጻፍበት ቅጽ) የሚሰጥ ኤጀንሲ ግን እየጠፋ ነው፤ ለዚህም ምክንያት አለ። በ1986ቱ የታክስ ማሻሻያ ሕግ ውስጥ ያለው ክፍል 1706 ፕሮግራመሮችን፣ ሲስተም አናሊስቶችንና መሐንዲሶችን ነጥሎ አወጣቸው። ሌላው ቀጣሪ ሠራተኛውን ኮንትራክተር ብሎ ሲመድብ የሚከላከልለት የሕግ ከለላ፣ በኤጀንሲ በኩል ለደንበኛ ለሚቀርቡ የቴክኒክ ባለሙያዎች አይሠራም። ቨርጂኒያም ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ ለክፍያ የሚሠራን ሰው ተቃራኒው እስካልተረጋገጠ ድረስ ሠራተኛ ነው ብላ ትነሳለች፤ በስህተት ለመደበ ቀጣሪ የመጀመሪያው ቅጣት በአንድ ሰው እስከ 1,000 ዶላር ነው። ኤጀንሲው ይህን ፈርቶ "ወይ ደብልዩ-ቱ፣ ወይ ካምፓኒ አቋቁም" ይላል። ኤልኤልሲ ማውጣት የፈለጉት እርስዎ ይምሰልዎ እንጂ አስገዳጁ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

የመኖሪያ ወረቀትም ይወስናል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሁሉም በር ክፍት ነው። ኤች-ዋን-ቢ ላይ ያለ ሰው ግን ስፖንሰር ካደረገው አሠሪ ውጭ በራሱ ካምፓኒ ሲ-ቱ-ሲ መሥራት አይችልም፤ ኤልኤልሲው ቢመዘገብለትም ፈቃዱን አያሰፋለትም።

ኤልኤልሲ የሚሸፍነውና የማይሸፍነው

ባለ አንድ አባል ኤልኤልሲ በፌዴራል ታክስ ዓይን እንደሌለ ይቆጠራል። ገቢና ወጪው በግል ታክስዎ ላይ ስኬጁል ሲ በሚባለው ቅጽ ይገባል፤ ታክሱ ያለ ኤልኤልሲ ከሚከፍሉት በአንድ ዶላር እንኳ አይቀንስም። "ኤልኤልሲ ካወጣሁ መኪናዬን ከታክስ አስቀንሳለሁ" የሚለው ወሬ መሠረት የለውም፤ ለሥራ የዋለ ወጪ ያለ ኤልኤልሲም ይቀነሳል፣ ለሥራ ያልዋለ በኤልኤልሲም አይቀነስም።

ከዕዳ ጥበቃውም ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ካምፓኒው የገባበት ዕዳ ወደ ቤትዎ እንዳይመጣ ያግዛል። በራስዎ እጅ ለፈጸሙት የሙያ ስህተት ግን ኤልኤልሲ አይሸፍንዎትም፤ የደንበኛን ዳታቤዝ ያጠፋው ሰው እርስዎ ነዎትና። ያንን የሚሸፍነው ኢንድኦ የሚባለው የሙያ ተጠያቂነት ኢንሹራንስ ነው። ይህ ፖሊሲ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው የይገባኛል ጥያቄው በቀረበበት ጊዜ በሥራ ላይ ካለ ብቻ ነው፤ ኮንትራቱ አለቀ ብለው በማግስቱ ካቋረጡት ያለፈው ሥራ ሁሉ ያለ ሽፋን ይቀራል። ሲያቋርጡ "ቴይል" የሚባለውን ማራዘሚያ ይጠይቁ።

ሲ-ቱ-ሲ የሚቀበል ቬንደር (ባለሙያ ለደንበኛው የሚያቀርብ ድርጅት) አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው የምዝገባ ሰነድ፣ ኢአይኤን (የድርጅቱ የታክስ መለያ ቁጥር)፣ ይህንን ቁጥር ለከፋዩ የሚያሳውቀው ደብልዩ-ናይን ቅጽና የ1 ሚሊዮን ዶላር ጄነራል ላያቢሊቲ (በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፍል ሽፋን) የሚያሳይ የኢንሹራንስ ሰርተፊኬት ነው። አንዳንዱ ሠራተኛ የሌለው ድርጅት እንኳ ዎርከርስ ኮምፕ (የሥራ ላይ ጉዳት ኢንሹራንስ) እንዲይዝ ይጠይቃል፤ ለዚህ የሚሸጠው "ጎስት ፖሊሲ" ማንንም የማይሸፍን ወረቀት ስለሆነ፣ ከመግዛትዎ በፊት ቬንደሩ ግዴታውን በጽሑፍ ይተውልዎት እንደሆነ ይጠይቁ።

ምዝገባው በሦስቱ ቦታ

ቨርጂኒያ በዋጋም በቅለትም አንደኛ ናት። ምዝገባው በስቴት ኮርፖሬሽን ኮሚሽን የኦንላይን ሲስተም ይካሄዳል፤ ክፍያው 100 ዶላር ነው። ስም ይፈትሻሉ፣ "ኤልኤልሲ" የሚለውን መጨረሻው ላይ ይጨምራሉ፣ ሬጂስተርድ ኤጀንት (የድርጅቱን ሕጋዊ ደብዳቤዎች የሚቀበል) ይሰይማሉ፣ ይፈርማሉ፣ ይከፍላሉ። የቨርጂኒያ ነዋሪ ከሆኑ ራስዎን ኤጀንት ማድረግ ይችላሉ፤ ለዚህ በየዓመቱ ለሌላ ድርጅት መክፈል አያስፈልግም። አድራሻው ግን ፖስታ ሣጥን ሊሆን አይችልም፣ ለሕዝብም ክፍት ነው። የቤት አድራሻቸው ኢንተርኔት ላይ እንዲወጣ የማይፈልጉ ሰዎች ኤጀንት የሚቀጥሩበት እውነተኛው ምክንያት ይኸው ነው።

ዓመታዊው ክፍያ 50 ዶላር ሲሆን ኤልኤልሲው በተመዘገበበት ወር መጨረሻ ይጠበቃል። ካለፈ 25 ዶላር ቅጣት ይታከላል፤ ሦስት ወር ካለፈ ደግሞ ኤልኤልሲው በራሱ ይሰረዛል። ቬንደር ውል ከማደሱ በፊት ሁኔታውን ኦንላይን ስለሚያይ፣ የ50 ዶላር መዘንጋት ኮንትራት ሊያስቆም ይችላል።

ሰዎች የሚረሱት የካውንቲውን ድርሻ ነው። ፌርፋክስ ካውንቲ ቢፒኦኤል የሚባል የንግድ ፈቃድ ታክስ አለው፤ በየዓመቱ እስከ ማርች 1 ይቀርባል። ጠቅላላ ገቢ እስከ 10,000 ዶላር ድረስ ክፍያ የለም፣ እስከ 50,000 ድረስ 30 ዶላር፣ እስከ 100,000 ድረስ 50 ዶላር ነው። ከዚያ በላይ እንደ ሥራው ዓይነት በየ100 ዶላሩ በሳንቲም ይሰላል። የሚሰላው በትርፍ ላይ ሳይሆን በጠቅላላ ገቢ ላይ ነው። በኤልኤልሲዎ በኩል ለሌላ ሰው የሚያስተላልፉት ገንዘብ ቢኖር እንኳ አብሮ ሊቆጠር ስለሚችል፣ "እግረ መንገዱን ጓደኛዬን በካምፓኒዬ ላስገባው" የሚል ሰው ይህን አስቀድሞ ያስላ።

ሜሪላንድ ምዝገባው በቢዝነስ ኤክስፕረስ ድረ ገጽ ነው፤ ገጹ ቀላል ነው፣ ዋጋው አይደለም። መሠረታዊው ክፍያ 100 ዶላር ሆኖ ኦንላይን ሲሆን የማፋጠኛ 50 ዶላር ይጨመርበታል። ከዚያ በየዓመቱ ኤፕሪል 15 ዓመታዊ ሪፖርት ከ300 ዶላር ጋር ይቀርባል። ከቨርጂኒያ ስድስት እጥፍ ማለት ነው፤ ለተሻለ አገልግሎት ግን አይደለም። ሠራተኛ ያለው ድርጅት በሜሪላንድ ሴቭስ የጡረታ ፕሮግራም ከገባ ወይም የራሱ የጡረታ ፕላን ካለው 300 ዶላሩ ይነሳለታል። ፔይሮል (የደመወዝ አከፋፈል) የሌለው ብቸኛ ኮንትራክተር በዚህ እጠቀማለሁ ብሎ ባይጠብቅ ይሻላል።

ትልቁ ለውጥ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የመጣው ነው፤ ሜሪላንድ በዳታና በአይቲ አገልግሎት ላይ 3 በመቶ የሽያጭ ታክስ ጥላለች። ፕሮግራም መጻፍ፣ ሲስተም ዲዛይንና ተመሳሳይ ሥራዎች ውስጥ ይገባሉ። ታክሱን ሰብስቦ ለስቴቱ ማስገባት የሻጩ ግዴታ ነው፤ ሻጩ ደግሞ የእርስዎ ኤልኤልሲ ነው። በውሉ ላይ "ታክስ ለብቻው ይጨመራል" የሚል ቃል ከሌለ ከኪስዎ ይወጣል፤ በ120,000 ዶላር ውል ላይ 3,600 ዶላር ነው። ለፌዴራል መንግሥት በቀጥታ የሚሸጥ ነፃ ነው፤ ቬንደሩ አገልግሎቱን መልሶ የሚሸጠው ከሆነ የሪሴል ሰርተፊኬት እንዲሰጥዎ ይጠይቁና ከውሉ ጋር ያስቀምጡ። ቨርጂኒያ ተቀምጦ ለሜሪላንድ ደንበኛ በዓመት ከ100,000 ዶላር በላይ የሚሸጥ ኤልኤልሲም ከዚህ አያመልጥም። በደብልዩ-ቱ የሚከፈል ደመወዝ ግን ሽያጭ ስላልሆነ ይህ ታክስ አይነካውም። ሜሪላንድ ላለ ደንበኛ ለሚሠራ ሰው ይህ አንድ ነጥብ ብቻውን ሚዛኑን ሊደፋ ይችላል።

ዲሲ የምዝገባው ክፍያ 99 ዶላር ስለሆነ ርካሽ ይመስላል። የሁለት ዓመት ሪፖርቱ 300 ዶላር ሲሆን የመጀመሪያው ኤልኤልሲው ከተቋቋመ በኋላ ባለው ዓመት ኤፕሪል 1 ይደርሳል። የንግድ ፈቃድ ለብቻው አለ፤ ከቤት ለሚሠራ ደግሞ የቤት ውስጥ ሥራ ፈቃድ ይታከላል። ከ12,000 ዶላር በላይ የሚያገባ ኢንኮርፖሬት ያልሆነ ንግድ የ8.25 በመቶ ፍራንቻይዝ ታክስ (በንግድ ትርፍ ላይ የሚጣል ታክስ)፣ ቢያንስ 250 ዶላር፣ ይጠየቃል። ከገቢው ከ80 በመቶ በላይ ከባለቤቱ የግል አገልግሎት የሚመጣና ካፒታል ዋና የገቢ ምንጩ ያልሆነ ንግድ ግን ከዚህ ውጭ ነው። አብዛኛው ብቸኛ የአይቲ ኮንትራክተር እዚህ ምድብ ውስጥ ይወድቃል፤ የታክስ አዘጋጅዎ ይህን አንቀጽ ካላነሳልዎ እርስዎ ያንሱለት። ዲሲ ኤስ ኮርፕን ለይታ እንደማታውቅም ይታወቅ፤ በፌዴራል ኤስ የሆነው እዚያ እንደ ማንኛውም ኮርፖሬሽን ይታሰባል።

ዴላዌር ወይም ዋዮሚንግ መመዝገብን የሚመክሩ ቪዲዮዎች ለአንድ ሰው አይቲ ሥራ አይጠቅሙም። ዴላዌር በየዓመቱ 300 ዶላር ትጠይቃለች፤ ሥራውን ቤትዎ ተቀምጠው የሚሠሩት ቨርጂኒያ ስለሆነ እዚያም እንደ ውጭ ኤልኤልሲ ተመዝግበው ሌላ ይከፍላሉ።

ኢአይኤን ከአይአርኤስ (ከፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ በነፃ ይወጣል። ፍለጋ ሲያደርጉ መጀመሪያ የሚመጡት ገጾች መንግሥታዊ መስለው ገንዘብ የሚያስከፍሉ ናቸው። ቁጥሩ ሲወጣ ሲፒ 575 የሚባለውን ደብዳቤ ወዲያው አውርደው ያስቀምጡ፤ ገጹ ከተዘጋ በኋላ ተመልሶ አይገኝም፣ ምትኩን በስልክ መጠየቅ ይኖርብዎታል። ባንክ ሲሄዱ ይህ ደብዳቤ፣ የምዝገባ ሰነዱና መታወቂያ ያስፈልጋሉ። የኤልኤልሲውን ሒሳብ ከግልዎ ጋር አያደባልቁ፤ ከዚያ ሒሳብ የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው የኤልኤልሲውን ከለላ በራሱ እጅ ያፈርሳል።

ከተመዘገቡ በኋላ ባሉት ሳምንታት ማኅተም የመሰለ ነገር ያለባቸው ደብዳቤዎች ይጎርፋሉ፤ የ"ኤግዚስተንስ ሰርተፊኬት" ክፍያ፣ የሠራተኛ መብት ፖስተር፣ የቢኦአይ ሪፖርት (የድርጅትን እውነተኛ ባለቤቶች የሚያሳውቅ ሪፖርት) ክፍያ። በአሜሪካ የተቋቋሙ ድርጅቶች በማርች 2025 በወጣው የፊንሴን (የፌዴራል የገንዘብ ወንጀል ተቆጣጣሪ) ደንብ ከቢኦአይ ሪፖርት ነፃ ሆነዋል፤ ለዚህ አንድ ሳንቲም አይክፈሉ።

ኤስ ኮርፕ፦ ሙሉው ስሌት

የሚሸጠው ሐሳብ እንዲህ ነው። ኤልኤልሲዎ 2553 የሚባለውን ቅጽ ሞልቶ እንደ ኤስ ኮርፕ ይታከሳል፤ ለራስዎ ደመወዝ ይከፍላሉ፣ የቀረውን ትርፍ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክስ ሳይነካው ይወስዳሉ። እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ነው።

አንድ ያላገባ ኮንትራክተር ከወጪ በኋላ 130,000 ዶላር ቀረው እንበል። በተራው ኤልኤልሲ 92.35 በመቶው ላይ 15.3 በመቶ፣ ማለትም 18,368 ዶላር ሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክስ (የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ሁለቱንም ግማሽ) ይከፍላል። ኤስ ኮርፕ ሆኖ ለራሱ 80,000 ዶላር ደመወዝ ቢከፍል ታክሱ 12,240 ይሆናል። ልዩነቱ 6,128 ዶላር ነው፤ ማስታወቂያው የሚቆመው እዚህ ላይ ነው።

አሁን የገቢ ታክሱን እንይ። ኪውቢአይ የሚባለው ተቀናሽ ከንግድ ትርፍ እስከ 20 በመቶ ድረስ ከታክስ ነፃ ያደርጋል፤ ደመወዝ ግን የንግድ ትርፍ አይደለም። ተራው ኤልኤልሲ የሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክሱን ግማሽ፣ 15,750 ዶላሩን ስታንዳርድ ዲደክሽን (መደበኛ ተቀናሽ)ና ኪውቢአዩን ሲያወጣ የሚታከስበት 84,053 ዶላር ይቀረዋል። ኤስ ኮርፑ ኪውቢአዩ ወደ 8,776 ስለሚወርድ 99,354 ዶላር ይታከስበታል። የ15,301 ዶላሩ ልዩነት በ22 በመቶ ሲባዛ 3,366 ዶላር ተጨማሪ የገቢ ታክስ ነው። የተረፈው 2,762 ዶላር ብቻ ሆነ። ከዚህ ላይ የፔይሮል አገልግሎት፣ የ1120-ኤስ (የኤስ ኮርፕ ዓመታዊ የታክስ ቅጽ) ማሰሪያና የሥራ አጥነት መድን ይነሳ። ለሁለቱ አገልግሎቶች ብቻ በዓመት 2,000 ዶላርና ከዚያ በላይ መክፈል የተለመደ ነው።

ትርፉ 200,000 ዶላር፣ ደመወዙ 110,000 ሲሆን በዚያው መንገድ የሚተርፈው ወደ 4,840 ዶላር ይሆናል፤ ያኔ ማሰቡ ትርጉም አለው። በሁለቱም ስሌት የስቴቱን ታክስ ልዩነት ትንሽ ስለሆነ ትተነዋል። ያገባ ሰው ወይም ሌላ ደመወዝ ያለው ሰው ቁጥሩ ይለወጣል፤ ታክስ አዘጋጅዎን ኪውቢአዩን አስገብቶ ሁለቱን ጎን ለጎን እንዲያሳይዎ ይጠይቁት፣ ካላሳየ ሌላ ይፈልጉ።

"ደመወዙን ዝቅ አድርገውና ትርፉ ይጨምራል" የሚል ምክር አደገኛ ነው። አንድ የአዮዋ አካውንታንት በዓመት ከ200,000 ዶላር በላይ ትርፍ እየወሰደ ለራሱ 24,000 ዶላር ደመወዝ መደበ፤ ጉዳዩ በ2012 ስምንተኛው ሰርኪዩት ይግባኝ ፍርድ ቤት ደርሶ ደመወዙ 91,044 ዶላር ነው ተብሎ ተወሰነበት። የአይቲ ሰው ደግሞ የገበያ ደመወዙ በሥራ ማስታወቂያ ሁሉ ላይ ተጽፎ የሚገኝ ስለሆነ መከራከሪያው ቀጭን ነው።

ጡረታም ይነካል። በሶሎ 401ኬ (ለብቻው ለሚሠራ ሰው የሚሆን የጡረታ ቁጠባ) በአሠሪነት የሚያስገቡት በኤስ ኮርፕ የደመወዙ 25 በመቶ ነው፤ ከላይ ባለው ምሳሌ 20,000 ዶላር። በተራው ኤልኤልሲ ወደ 24,160 ዶላር ይደርሳል። በሠራተኛነት የሚገባው 23,500 ዶላር በሁለቱም እኩል ነው።

ከገቡበት ደግሞ ቀኑን ይጠብቁ። ቅጽ 2553 የታክስ ዓመቱ በተጀመረ በሁለት ወር ከ15 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ካለፈ በቂ ምክንያት ላለው የማረሚያ መንገድ አለ። የ1120-ኤስ ቀን ማርች 15 ነው፤ በ2025 መቅረብ ለነበረበት ሪተርን መዘግየት በአንድ ባለድርሻ በየወሩ 245 ዶላር ያስቀጣ ነበር፣ ታክስ ባይኖርም። አይሆንልኝም ብለው ከወጡ ያለ አይአርኤስ ፈቃድ ለአምስት ዓመት መመለስ የለም። አሜሪካ ለታክስ ነዋሪ ያልሆነ ሰው ባለድርሻ ሊሆን ስለማይችል፣ አዲስ አበባ ያለች ባለቤቱን በድርሻ ያስገባ ሰው በዚያው ቀን ኤስ ኮርፑን ያጣል።

ገንዘቡ ሲመጣና ሲሄድ

ከደብልዩ-ቱ የሚመጡ ሰዎች የሚደነግጡት በክፍያው ጊዜ ነው። ኔት 45 ማለት በጃንዋሪ የሠሩት ኢንቮይሱ በወር መጨረሻ ገብቶ ገንዘቡ ማርች አጋማሽ ላይ መጣ ማለት ነው። "ደንበኛው ሲከፍለን እንከፍላለን" የሚል አንቀጽ ካለ ወደ ኔት 30 ማውረድ ብቻ አይበቃም፤ አንቀጹ እንዲወጣ ወይም የመጨረሻ ቀን እንዲቀመጥለት ይደራደሩ። ቢያንስ የሁለት ወር ወጪ ሳይዙ ወደ ሲ-ቱ-ሲ መግባት አይመከርም።

ታክሱን ማንም አይቆርጥልዎትም። ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና ጃንዋሪ 15 የቅድሚያ ክፍያ ቀኖች ናቸው። ገቢው ለሚዋዥቅ ሰው ቀላሉ መንገድ ያለፈውን ዓመት ጠቅላላ ታክስ ለአራት አካፍሎ መክፈል ነው፤ ያለፈው ዓመት ኤጂአይ (ከተወሰኑ ተቀናሾች በኋላ ያለው ገቢ) ከ150,000 ዶላር በላይ ከነበረ 110 በመቶውን። ያን ካደረጉ ገቢው በእጥፍ ቢያድግ እንኳ የቅድሚያ ክፍያ ቅጣት የለም፤ ቀሪው ዕዳ ግን ኤፕሪል ላይ ስለሚመጣ ከየኢንቮይሱ ሲሶውን ወደ ሌላ ሒሳብ ማዞር ነው።

ኮንትራቱ አልቆ ቋሚ ሥራ ሲገኝ ኤልኤልሲውን ዝም ብሎ መተው የተለመደ ነው። ቨርጂኒያ ላይ የመሰረዣ ሰነድ ማስገባት 25 ዶላር ነው፤ የካውንቲውን ፈቃድ ለብቻው መዝጋት ያስፈልጋል። ሜሪላንድ ላይ ካልዘጉት ምንም ገቢ ባይኖርም የኤፕሪሉ 300 ዶላር ይጠበቃል፤ በኋላ ለሌላ ውል ልታስነሱት ስትፈልጉም ያልቀረቡት ዓመታዊ ሪፖርቶች ሁሉ መጀመሪያ ይጠየቃሉ።